ሌሊቱ የማን ነው? የመዝናኛ ፓርክ ቅንጡ ሆቴሎች ታሪካዊ ዳሰሳ

ፍሎሪዳ በሚገኘው የዋልት ዲዝኒ ወርልድ ግቢ ውስጥ ግራንድ ፍሎሪዲያን የሚባል ሆቴል አለ። ግድግዳው ነጭ፣ ጣሪያው ቀይ ነው፤ ሎቢው አምስት ፎቅ ያህል ወደ ላይ ክፍት ነው። የአንድ ሌሊት ዋጋው በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ከ700 ዶላር ይበልጣል። ይህን የከፈለ ቤተሰብ ግን ክፍሉ ውስጥ ብዙም አይታይም። በማለዳ ልጆቹን ቀስቅሶ፣ ቁርሱን በእጁ ይዞ፣ ከሌላው ሰው ቀድሞ ፓርኩ በር ላይ ለመድረስ ይጣደፋል። የሚመለሰው የማታው ርችት ካበቃ በኋላ፣ እንቅልፍ የጣላትን ልጅ ተሸክሞ ነው። ሌላ ቦታ ይህን ያህል የሚያስከፍል ሆቴል እንግዳው ተንደላቆ እንዲውልበት ይሠራል። ይህኛው ግን ሮጦ ለሚወጣና ደክሞ ለሚገባ ሰው የተሠራ ይመስላል። ታዲያ ገንዘቡ የሚከፈለው ለምንድን ነው?

ለአልጋው ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። እነዚህ ሆቴሎች ምን እንደሚሸጡ ለመረዳት እንዴት እንደተፈጠሩ ማየት ያስፈልጋል። ታሪካቸው ባመዛኙ የአንድ ጥያቄ ታሪክ ነው፦ ቀኑን በፓርኩ ያሳለፈ እንግዳ ሲመሽ ገንዘቡን የሚያወጣው ለማን ነው? በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባለጸጋውና ብዙኃኑ

ከዲዝኒ በፊት ቅንጡ ሆቴልና የሕዝብ መዝናኛ በአንድ ስፍራ አብረው መኖር ተስኗቸው ነበር። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው የኒው ዮርኩ ኮኒ አይላንድ ነው። በዚያ የባሕር ዳርቻ በ1877 ማንሃተን ቢች፣ በ1880 ደግሞ ኦሪየንታል የተባሉ ግዙፍ ሆቴሎች ለሀብታሞች ተከፈቱ። ጥቂት ራቅ ብሎ በ1885 በዝሆን ቅርጽ የተገነባ ሆቴል ሳይቀር ቆሞ ነበር፤ በ1896 ተቃጠለ። በ1897 ስቲፕልቼዝ፣ በ1903 ሉና ፓርክ፣ በ1904 ድሪምላንድ የተባሉት የመዝናኛ ፓርኮች ሲከፈቱ በሳንቲም ትኬት የሚቆርጠው ሠርቶ አደር ወደ አካባቢው ጎረፈ። ባለጸጋው ፊቱን ወደ ሌላ ዳርቻ አዞረ፤ የፈረስ እሽቅድምድም ውርርድም ሲታገድ ሁለቱ ታላላቅ ሆቴሎች በ1910ዎቹ ፈረሱ። ድሪምላንድ እንኳ በ1911 በእሳት ወድሞ ነበር፤ ስቲፕልቼዝና ሉና ፓርክ ግን ቀጠሉ።

በሌላ በኩል ፍሎሪዳ ውስጥ ሄንሪ ፍላግለር የተባለ ሰው ሌላ ስልት ይዞ ተነሣ። ፍላግለር በስታንዳርድ ኦይል የነዳጅ ኩባንያ የጆን ሮክፌለር ሸሪክ ነበር። በ1888 በሴንት ኦገስቲን ከተማ ፖንሴ ዴ ሌዮን የተባለውን የስፔን ቤተ መንግሥት የሚመስል ሆቴል ከፈተ፤ ቀጥሎ ባቡር ሐዲዱን ወደ ደቡብ እየዘረጋ በ1894 በፓልም ቢች ሮያል ፖይንሲያናን ሠራ፤ በ1896 ሐዲዱ ማያሚ ደረሰ። ከሰሜኑ ብርድ የሸሸ መንገደኛ በፍላግለር ባቡር መጥቶ በፍላግለር ሆቴል ያድራል። መንገዱም አልጋውም የአንድ ሰው ስለሆኑ በመካከል ለሌላ ነጋዴ የሚተርፍ ብዙ አልነበረም። ይህ ዘዴ ከ80 ዓመት በኋላ በዚያው ግዛት፣ ባቡሩ ሞኖሬል (ባለ አንድ ሐዲድ ባቡር) ሆኖ፣ እንደገና ሲሠራበት እናያለን።

ዋልት ዲዝኒ ያመለጠው ሆቴል

ዲዝኒላንድ በካሊፎርኒያዋ አናሃይም የብርቱካን እርሻ ላይ ሐምሌ 17 ቀን 1955 ሲከፈት ወደ 17 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶ ነበር። ገንዘቡ የተገኘው በብድርና ኤቢሲ ከተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት ጋር በተደረገ ውል ነው። ዋልት ዲዝኒ ከሩቅ የሚመጣ ቤተሰብ ማደሪያ እንደሚያስፈልገው አላጣውም፤ ለሆቴል የሚሆን ገንዘብ ግን አልቀረውም። ስለዚህ ጃክ ራተርን ለመነ። ራተር በቴክሳስ ነዳጅ የከበረ፣ ላሲ እና ዘ ሎን ሬንጀር የተሰኙትን የቴሌቪዥን ተከታታዮች በባለቤትነት የያዘ ሰው ነበር። የዲዝኒን ስም በደቡብ ካሊፎርኒያ ሆቴሎች ላይ ለ99 ዓመት የመጠቀም መብት አግኝቶ ጥቅምት 5 ቀን 1955 ዲዝኒላንድ ሆቴልን ከፈተ።

ሆቴሉ በመቶ ገደማ ክፍሎች ጀምሮ ፎቅ በፎቅ ላይ እየጨመረ አደገ። በ1961 የፓርኩ ሞኖሬል እስከ ሆቴሉ ደጃፍ ተዘረጋ። እንግዳው የዲዝኒን ስም አይቶ በዲዝኒ ባቡር ይገባል፤ የሌሊቱ ሒሳብ ግን ወደ ራተር ኪስ ይሄዳል። ከዚህም የባሰው ውጭ ያለው ነበር። በንግሥ ቀን ደብሩን ከብበው ዳስ እንደሚጥሉ ነጋዴዎች፣ የሞቴልና የሃምበርገር ቤት ባለቤቶች በሃርበር ቡሌቫርድ ግራና ቀኝ ተሰለፉ። ፓርኩ ያረፈበት መሬት 65 ሄክታር ገደማ ብቻ ስለነበር ዋልት ዲዝኒ ከአጥሩ ማዶ የሚያዝበት አንድ ክንድ መሬት አልነበረውም። የኒዮን መብራቱ ያበሳጨው ነበር ይባላል፤ ሕዝቡን የሚያመጣው እሱ ሆኖ ሳለ በሌሊቱ የሚያተርፉት ሌሎች ነበሩና።

ኩባንያው ያን መብት መልሶ በእጁ ለማስገባት 33 ዓመት ፈጀበት። ራተር በ1984 ከሞተ በኋላ ድርጅቱ ለሌሎች ባለሀብቶች መተላለፍ ጀመረ፤ ዲዝኒም ሙሉ በሙሉ ገዝቶ ሆቴሉን የራሱ ያደረገው በ1988 ነው።

270 ጋሻ መሬት

ቀጥሎ የመጣው ሁሉ የአናሃይም ቁጭት ውጤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1964 እና በ1965 በማዕከላዊ ፍሎሪዳ ረግረግና የከብት ግጦሽ መሬት ላይ ስማቸው የማይታወቅ ኩባንያዎች መሬት መግዛት ጀመሩ። ሻጮቹ ከበስተጀርባው ማን እንዳለ አላወቁም። ነገሩ በጥቅምት 1965 በኦርላንዶ ጋዜጣ ሲጋለጥ ዲዝኒ 11,000 ሄክታር ገደማ፣ በእኛ የዱሮ ልክ ከ270 ጋሻ በላይ፣ በ5 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ሰብስቦ ነበር። ዋልት ዲዝኒ በታኅሣሥ 1966 ከመሞቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት በተቀረጸ ፊልም ላይ፣ ፍሎሪዳ ካሊፎርኒያ ያልነበራትን የስፋት ጸጋ እንደምትሰጣቸው አስረድቷል። በ1967 ደግሞ የፍሎሪዳ ምክር ቤት ሪዲ ክሪክ የሚባል ልዩ አስተዳደር አቋቋመ። በዚህ መሠረት ኩባንያው በራሱ መሬት ላይ መንገድ የመዘርጋት፣ የሕንፃ ፈቃድ የመስጠትና የእሳት አደጋ አገልግሎት የማቋቋም ሥልጣን በተግባር አገኘ።

ጡረታ ሊወጣ የነበረው የዋልት ታላቅ ወንድም ሮይ ዲዝኒ ሥራውን ተረክቦ ጥቅምት 1 ቀን 1971 የዋልት ዲዝኒ ወርልድን በር ከፈተ። በዚያ ቀን ከፓርኩ ጋር ሁለት ሆቴሎች አብረው ተከፈቱ፦ ኮንቴምፖራሪ እና ፖሊኔዥያን ቪሌጅ። አዲሱ ነገር ይህ ነው። በአናሃይም ሆቴሉ ከፓርኩ በኋላ በሌላ ሰው ገንዘብ የመጣ ነበር፤ በፍሎሪዳ ግን ከፓርኩ ጋር በአንድ ፕላን ላይ ተነድፏል። የኮንቴምፖራሪን ንድፍ የሠራው የዌልተን ቤኬት ቢሮ ሲሆን ግንባታው የተካሄደው ከዩ.ኤስ. ስቲል ኩባንያ ጋር ነው። ክፍሎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በተተከለ ፋብሪካ ከነመታጠቢያ ቤታቸው ተገጣጥመው፣ በክሬን ተነሥተው ዘንበል ባሉት ግድግዳዎች የብረት አጽም ውስጥ ገቡ። ለእድሳት መልሰው ይወጣሉ የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል፤ ግን አንዴ ከገቡ የወጡ የሉም። ሞኖሬሉ ከሎቢው በላይ ሕንፃውን ሰንጥቆ ያልፋል። ፖሊኔዥያን ደግሞ የደቡብ ፓስፊክ ደሴቶችን ሕልም በሣር ጣሪያና በፏፏቴ አቀረበ።

ሁለቱ ሆቴሎች ወዲያው ከመዝናኛነት ያለፈ ቦታ አገኙ። ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን በዋተርጌት ቅሌት ተወጥረው ሳለ «ሌባ አይደለሁም» ያሉት ኅዳር 17 ቀን 1973 በኮንቴምፖራሪ አዳራሽ ለጋዜጣ አዘጋጆች ንግግር ሲያደርጉ ነው። ጆን ሌነን ደግሞ ቢትልስ በሕግ የሚፈርስበትን ሰነድ የፈረመው ታኅሣሥ 29 ቀን 1974 ለዕረፍት ከልጁ ጋር ባረፈበት በፖሊኔዥያን ነበር። ለልጆች ተብሎ የተሠራ ግቢ ውስጥ ትልልቅ ሰዎች የትልልቅ ሰዎችን ጉዳይ ይጨርሱ ጀመር፤ ስብሰባ አዘጋጆችም ይህን አስተውለዋል።

የማይክል አይስነር ዘመን

በመጀመሪያው ዕቅድ ከሐይቁ ዳር የእስያ፣ የቬኒስና የፋርስ መልክ ያላቸው ሦስት ተጨማሪ ሆቴሎች ሊሠሩ ታስቦ ነበር። የ1973 የነዳጅ ቀውስ የመኪና ተጓዡን ሲያሳንስ ዕቅዱ ተተወ፤ የእስያው ሆቴል ቦታም ለዓመታት ባዶውን ቆየ። ነገሩን የቀየረው በመስከረም 1984 የኩባንያው መሪ የሆነው ማይክል አይስነር ነው። አይስነር የመግቢያ ዋጋ ጨመረ፤ ከአጥሩ ውጭ በኦርላንዶ የበቀሉትን ሺህ በሺህ የሆቴል ክፍሎች ሲያይም ስሌቱ ግልጽ ሆነለት። እንግዳው ያለው፣ መሬቱም ያለው። የጎደለው ሆቴል ብቻ ነበር።

አይስነር ሆቴልን እንደ ሕንፃ ጥበብ ጭምር አየው። እሱ ከመምጣቱ በፊት ለቲሽማን ኩባንያ ሁለት ሆቴሎች ለማሠራት የተፈረመ ውል ነበር፤ የቀረበው ንድፍ ግን ተራ መስሎ ታየው። ከክርክር በኋላ ሥራው ለአርክቴክቱ ማይክል ግሬቭስ ተሰጠ። በ1990 ስዋን እና ዶልፊን ሲከፈቱ ጣሪያቸው ላይ ከ14 ሜትር በላይ የሚረዝሙ የስዋን ወፍና የዶልፊን ሐውልቶች ተቀምጠው ነበር። ሮበርት ስተርን በኒው ኢንግላንድ የባሕር ዳር ክለቦች አምሳል ያክት ክለብን እና ቢች ክለብን ሠራ። ፒተር ዶሚኒክ በ1994 ዊልደርነስ ሎጅን፣ በ2001 ደግሞ ከበረንዳ ላይ ቀጭኔና የሜዳ አህያ የሚታይበትን አኒማል ኪንግደም ሎጅን ነደፈ።

ከሁሉም ለዚህ ታሪክ ቁልፍ የሆነው ግን ከላይ የጠቀስነው ግራንድ ፍሎሪዲያን ነው። በ1988 የእስያው ሆቴል በታሰበበት ቦታ ላይ ሲከፈት የተቀዳው ከእነ ፍላግለር ዘመን የፍሎሪዳ ባሕር ዳር ሆቴሎች ነበር፤ ፖንሴ ዴ ሌዮን ከተከፈተ ልክ 100 ዓመቱ። የተቀዳው በረንዳውና የጣሪያው ጉልላት ብቻ አይደለም። እንግዳው በኩባንያው ባቡር መጥቶ፣ በኩባንያው አልጋ አድሮ፣ በኩባንያው ሳህን በልቶ የሚመለስበት አሠራርም ጭምር ነው። ኮኒ አይላንድ ያልቻለውም እዚህ ተቻለ፦ ብዙኃኑ በአንድ በር፣ ባለጸጋው በሌላ በር፣ ሁለቱም ወደ አንድ ፓርክ።

ቶኪዮ ያስቆጨው፣ ፓሪስ ያስከፈለው

የቶኪዮ ዲዝኒላንድ በሚያዝያ 1983 ሲከፈት ባለቤቱ ኦሪየንታል ላንድ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ነበር፤ ዲዝኒ የሚያገኘው የስምና የሥራ ፈጠራ ክፍያ ብቻ ነው። ፓርኩ ሲሳካ ትርፉ ለጃፓኖች ሆነ፤ ዙሪያውን የተከፈቱት ሆቴሎችም የሌሎች ነበሩ። አይስነርና ባልደረቦቹ አሁን ሁለት ቁጭት ያዙ። በአናሃይም ሆቴሉን አጥተዋል፤ በቶኪዮ ፓርኩንም ሆቴሉንም። በአውሮፓ ይህ አይደገምም ተባለ።

ስለዚህ ዩሮ ዲዝኒ ሚያዝያ 12 ቀን 1992 በፓሪስ ምሥራቅ ሲከፈት በመጀመሪያው ቀን ከ5,000 በላይ የሆቴል ክፍሎች ይዞ ነበር። ግሬቭስ ኒው ዮርክ ሆቴልን፣ ስተርን ኒውፖርት ቤይ ክለብንና ሆቴል ሻየንን፣ አንቷን ፕሬዶክ ሳንታ ፌን፣ ፈረንሳዊው አንቷን ግሩምባክ ሴኮያ ሎጅን ነደፉ። ዲዝኒላንድ ሆቴል የተባለው ሮዝ ቀለም ያለው ቅንጡ ሆቴል ከፓርኩ መግቢያ በላይ ተሠራ፤ ትኬት ቆራጩ ሁሉ ከእንግዶቹ መኝታ ሥር ያልፋል።

ስሌቱ ግን አልሠራም። ፓርኩ ከፓሪስ መሀል በአርኢአር ባቡር ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው። አውሮፓዊው ጠዋት መጥቶ ማታ ወደ ፓሪስ ይመለሳል። ኦርላንዶ ላይ ረግረግና ሜዳ ብቻ ስለነበር የዲዝኒ ግቢ ለእንግዳው ዓለሙ ሁሉ ሆነለት፤ እዚህ ግን ከባቡሩ ማዶ ፓሪስ ነበረች። ወቅቱም የኢኮኖሚ መቀዛቀዝ ነበር። ከሆቴሎቹ ቢያንስ አንዱ የመጀመሪያውን ክረምት ተዘግቶ አሳለፈ፤ በ1994 ዕዳው እንደገና እንዲደራጅ ተደረገ፤ የሳዑዲው ልዑል አልዋሊድ ቢን ታላልም ትልቅ ድርሻ ገዛ። ቅንጡው ዲዝኒላንድ ሆቴል በጥር 2024 ሰፊ እድሳት ተደርጎለት የንጉሣውያን ጭብጥ ይዞ በአምስት ኮከብ ደረጃ ዳግም ተከፍቷል።

ጃፓኖች ግን ትምህርቱን ቀስ ብለው ተጠቀሙበት። ኦሪየንታል ላንድ በ2001 ቶኪዮ ዲዝኒሲን ሲከፍት ሚራኮስታ ሆቴልን ከፓርኩ ጎን ሳይሆን በፓርኩ ውስጥ ገነባ፤ የአንዳንድ ክፍሎች መስኮት በቀጥታ ወደ ጣሊያን መሰሉ ወደብ ይከፈታል። የሚገርመው፣ ለዚህ ወደብ አምሳያ የሆነችው የጣሊያኗ ፖርቶፊኖ፣ የዲዝኒ ተፎካካሪ የሆነው ዩኒቨርሳል ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በኦርላንዶ ለከፈተው ፖርቶፊኖ ቤይ ሆቴልም አምሳያ ነበረች።

ሆቴሉ ሲቀድም

ከዲዝኒ በተቃራኒ ከሆቴል ተነሥቶ ወደ ፓርክ የደረሰ ሌላ የዘር ሐረግ አለ፤ ሥሩም አፍሪካ ነው። ሶል ከርዝነር በታኅሣሥ 1979 ሳን ሲቲን የከፈተው ቦፑታትስዋና በተባለች፣ አፓርታይድ «ነጻ አገር» ብሎ በሰየማት፣ ዓለም ግን ባልተቀበላት ግዛት ውስጥ ነው። ቁማር በደቡብ አፍሪካ ክልክል ነበር፤ በዚህች የስም አገር ግን ተፈቀደ። ከጆሃንስበርግ ሁለት ሰዓት ያህል ነድቶ ሕጉን ትቶ መጫወት ተቻለ። ታዋቂ ሙዚቀኞች እየተጋበዙ መጡ፤ ሌሎች ደግሞ በ1985 ሳን ሲቲ ላይ አንዘፍንም የሚል ዘመቻ አወጁ።

በ1992 ከርዝነር እዚያው ሎስት ሲቲ የተሰኘውን ከፈተ፤ ቤተ መንግሥቱ ሆቴል ሆኖ፣ ሰው ሠራሽ ማዕበል ከጎኑ፣ በየጊዜው የሚናወጥ ድልድይም ያለው። ለዚህ ሁሉ ማሰሪያ እንዲሆን የፈረሰ ጥንታዊ የአፍሪካ መንግሥት ታሪክ ተፈጠረለት። ላሊበላንና ጎንደርን ላየ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ፈገግ ያሰኛል፤ እውነተኛዋ ታላቋ ዚምባብዌ በዚያው በደቡባዊ አፍሪካ እያለች ጥንታዊ መንግሥት ከልብ ወለድ ይሠራል። ከርዝነር በኋላ ይህንኑ ብልሃት ወደ ባሃማስ ወሰደው፤ በመጨረሻም በ2008 ከናኪል ኩባንያ ጋር በዱባይ ዘንባባ ደሴት ላይ አትላንቲስን ከፈተ፤ ከ1,500 በላይ ክፍሎች ያሉት። አኳቬንቸር የተባለው የውሃ ፓርክ ለሆቴሉ እንግዶች በነጻ ነው። ገንዘቡ የሚሰበሰበው ከአልጋው ሲሆን ፓርኩ መሳቢያ ነው፤ የዲዝኒ ተገላቢጦሽ።

የሚሸጠው ጊዜ ነው

ሁለቱ መንገዶች ዛሬ ተገናኝተዋል። ቅንጡው ሆቴል ከግድግዳውና ከሻንጣ ተሸካሚው በላይ የሚሸጠው ዋና ነገር ጊዜ ነው። ዲዝኒላንድ በ1955 ሲከፈት የአዋቂ መግቢያ 1 ዶላር ነበር፤ ከገባ በኋላ ሁሉም በአንድ ሰልፍ ይቆማል። በ1999 የመጣው ፋስትፓስ ሰልፍን በቀጠሮ የመለወጥ ዘዴ ሲሆን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ለሁሉም ይሰጥ ነበር። ከ2021 ወዲህ ግን ያ አሠራር በክፍያ ተተካ። በፍሎሪዳ የዲዝኒ ሆቴል እንግዳ ሁሉ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይገባል፤ በተወሰኑ ምሽቶች ደግሞ ፓርኩ ለሌላው ሲዘጋ ለውዶቹ ሆቴሎች እንግዶች ብቻ ክፍት ሆኖ ያመሻል። በኦርላንዶው ዩኒቨርሳልም በፖርቶፊኖ ቤይ፣ በሃርድ ሮክና በሮያል ፓሲፊክ ሆቴሎች ዋጋ ውስጥ በሁለቱ ቀደምት ፓርኮች ሰልፍ መዝለያ ትኬት ተካትቷል። ቤተሰቡ ያን ያህል ከፍሎ በማለዳ የሚሮጠው ለዚህ ነው፤ የገዛው ጠዋት እንዳያመልጠው።

ሁለተኛው ዘዴ እንግዳው ከግቢው እንዳይወጣ ማድረግ ነበር። ዲዝኒ በ2005 ሜጂካል ኤክስፕረስ የተባለ አውቶቡስ ጀመረ፤ ከኦርላንዶ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ሆቴሉ በነጻ ያደርሳል፤ ሻንጣውን ኩባንያው ራሱ ተቀብሎ ክፍሉ ድረስ ይልካል። ምቾቱ የታወቀ ነው። ውጤቱ ግን እንግዳው መኪና አለመከራየቱ ነው፤ መኪና የሌለው ሰው ደግሞ ውጭ ካለ ምግብ ቤት እራት አይበላም። አገልግሎቱ በ2022 መጀመሪያ ላይ ሲቆም ልማዱ ሥር ሰድዶ ነበር።

በዚህ ሁሉ መካከል በገንዘብ የማይገዛ አንድ ክፍል አለ። በፍሎሪዳው ፓርክ በሲንደሬላ ቤተ መንግሥት ላይኛው ፎቅ ለዲዝኒ ቤተሰብ መኖሪያ ታስቦ ሳይጠናቀቅ የቀረ ቦታ ነበር፤ በኋላ ወደ እንግዳ ክፍል ተለውጦ ማደር የሚቻለው በዕጣ ወይም በስጦታ ሆነ። የመቅረብ ዋጋ ጣሪያ እንደሌለው ኩባንያው የሚያሳይበት መንገድ ነው።

የመጨረሻው እርምጃና ድንበሩ

ከመንገድ ማዶ ጀምሮ፣ በአጥሩ ውስጥ ገብቶ፣ ፓርኩ በር ላይ ተቀምጦ፣ ሆቴሉ መጨረሻ ላይ ራሱ ፓርክ ሆነ። ዲዝኒ በፍሎሪዳ መጋቢት 1 ቀን 2022 የከፈተው ጋላክቲክ ስታርክሩዘር 100 ክፍሎች ያሉት የጠፈር መርከብ ነበር። ክፍሎቹ እውነተኛ መስኮት አልነበራቸውም፤ በሐሰተኛው መስኮት የሚታየው ጠፈር ነበር። እንግዳው ለሁለት ሌሊት በስታር ዎርስ ታሪክ ውስጥ ተዋናይ ሆኖ ይቆይ ነበር፤ ለጥንዶች ዋጋው ከ4,800 ዶላር አካባቢ ይጀምር ነበር። የሄዱበት ብዙዎች ወደዱት። ቢሆንም ከ19 ወር ገደማ በኋላ፣ በመስከረም 2023 መጨረሻ፣ ተዘጋ።

ዋጋው ዋናው ምክንያት እንደነበር ይገመታል፤ ለእኔ ግን ሌላም ነገር ይታየኛል። ሆቴል ከፓርክ የሚለየው እንግዳው በር ዘግቶ ከታሪኩ መውጣት ስለሚችል ነው። ገንዳ ዳር ጋደም ብሎ፣ ማንም ተዋናይ ሳያናግረው፣ ቡናውን ሊጠጣ ይችላል። በዚህ መርከብ ላይ ግን ዕረፍቱ ራሱ ሥራ ሆነ። እንግዳው ተልእኮ አለበት፤ ሰዓቱ ይሮጣል። ሌሊቱን ሙሉ በሙሉ የያዘው ኩባንያ እንቅልፉንም ጭምር ጠየቀ፤ ገበያው እዚያ ላይ ገታው። ዩኒቨርሳል በግንቦት 2025 በኦርላንዶ ኤፒክ ዩኒቨርስን ሲከፍት ሄሊዮስ ግራንድ የተባለውን ሆቴል በፓርኩ ዳር አድርጎ የግል በር ሰጠው እንጂ የጠፈር መርከብ አላደረገውም።

ከአጥሩ ማዶ

የሌሊቱ ሂሳብ ውጭም የሚከፍለው አለ። ከዲዝኒ ግቢ ጥቂት ደቂቃ ርቆ፣ በኪሲሚ ከተማ በ192 ጎዳና ላይ፣ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ለቱሪስት የተሠሩ ሞቴሎች ተደርድረዋል። እንግዳው ወደ ግቢው ውስጥ እየተሳበ ሲሄድ ብዙዎቹ ቤት ለመከራየት አቅም ያጡ ቤተሰቦች በሳምንት ክፍያ የሚኖሩባቸው ሆኑ፤ ሾን ቤከር በ2017 ዘ ፍሎሪዳ ፕሮጀክት የተሰኘውን ፊልም የሠራው በዚህ ሕይወት ላይ ነው። በግቢው ውስጥ አልጋ የሚያነጥፉና ሳህን የሚያጥቡ ሠራተኞች በማኅበራቸው አማካይነት በ2018 በተደረሰ ስምምነት የመነሻ ክፍያቸውን በየደረጃው ወደ ሰዓት 15 ዶላር፣ በ2023 ደግሞ ወደ 18 ዶላር ለማሳደግ በቅተዋል። የግራንድ ፍሎሪዲያንን የአንድ ሌሊት ዋጋ በዚህ ክፍያ ሲያካፍሉት አንድ ሠራተኛ ለአንዲት ሌሊት የአንድ ሳምንት ያህል ይሠራል።

ይህ ጥያቄ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በቢሾፍቱ ኩሪፍቱ ሪዞርት ቀድሞ ተከፍቶ የውሃ ፓርኩ በኋላ ተጨምሯል፤ አካሄዱ ከዲዝኒ ይልቅ ወደ ከርዝነር ይቀርባል። ሆኖም ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በፈጣኑ መንገድ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ስለሆነች ሁኔታዋ የሚመስለው ኦርላንዶን ሳይሆን ፓሪስን ነው። ጠዋት መጥቶ ማታ የሚመለሰው ሰው ብዙ ነው። ይህን ሰው ወደ ሪዞርቱ አልጋ ለመጎተት በክፍል ላይ ክፍል ብቻ መጨመር በፓሪስ የታየውን ኪሳራ መጥራት ነው። እንግዳው ከተማዋ ውስጥ ዓሣና ሥጋ የሚበላበት፣ ሐይቁን ዞሮ የሚያይበት፣ ከሪዞርቱም ከጎረቤቱም የሚገዛበት ዝግጅት ግን ሁለቱንም ይጠቅማል። በቢሾፍቱም ሆነ በሌላ ሐይቅ ዳር አዲስ ሪዞርት የሚያቅድ ባለሀብት፣ ፈቃድ የሚሰጠውም ባለሥልጣን፣ የክፍሉን ብዛት ከመወሰናቸው በፊት የእንግዳው ምሽት ስንቱ ለከተማዋ እንደሚተርፍ መወሰን አለባቸው። ይህ በፕላኑ ላይ ካልተጻፈ አጥሩ ራሱ ይወስነዋል፤ አጥር ደግሞ ለባለቤቱ እንጂ ለጎረቤት ወስኖ አያውቅም።